ዘንዶው ምን ይበላል?

ከሥራ ሁሉ ለዐይን የማይታይ ሥራ ቢኖር መጽሐፍ መጻፍ ነው። አናጢ ሲሠራ የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ገበሬ ሲያርስ ትልሙ ይታያል። ሸማኔ ከጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ቢውል፥ ማታ ላይ ስንት ክንድ እንደ ሠራ ለክቶ ለመናገር ይችላል። ደራሲ ግን ከጧት እስከ ማታ ከወንበሩ ሳይነሣ ቢውል፥ በደጁ የሚያልፍ ሰው «ይህን ልጅ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚቀመጠው?» ይላል እንጂ «ሥራ ላይ ነው» አይልም። እንዲያውም ደራሲው ራሱ አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ መሆኑን ይጠራጠራል።

ይህን የምንለው ከሰው ሰምተን አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ካገለገልን በኋላ፥ ደመወዛችንን ትተን አንድ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያ መጽሐፋችንን ስንጽፍ ቆይተናል። መጽሐፉም ምናባዊ ልብ ወለድ ነው፤ ይኸውም በዚህ ዓለም የሌለ አገር፥ በዚህ ዓለም የሌለ አውሬና በዚህ ዓለም የማይሠራ ጥበብ የሚገኝበት ረጅም ታሪክ ማለት ነው። ፈረንጆች «ፋንታሲ» ይሉታል። ዛሬ ስለዚያ ዓመት ለመጻፍ የተነሣሣነው፥ አያሌ ወጣቶች «ሥራዬን ልልቀቅና ልጻፍ ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። «ልቀቁ» ወይም «አትልቀቁ» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ቀላል ነበር። ነገር ግን ያገኘነውን ደስታና የደረሰብንን ችግር እንዳለ አቅርበን ፍርዱን ለአንባቢ መተው የተሻለ መስሎ ታየን።

ደመወዝና ዘንዶ

የመጽሐፉ ሐሳብ የመጣልን ከአንድ ሥዕል ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍል የሚያሳየውን በሸራ ላይ የተሣለ ባህላዊ ሥዕል የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ አርዌ የሚባለው ታላቅ ዘንዶ ይታያል። በአንዱ አተራረክ እንደሚነገረው፥ ይህ ዘንዶ በአክሱም አገር ላይ ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር ነበር፤ ግብሩም ከብትና ልጃገረድ ነበር። በመጨረሻም አንጋቦ የሚባል ሰው መጥቶ፥ መርዝ የበላች ፍየል ለዘንዶው አቅርቦ ገደለውና በምትኩ ነገሠ፤ የንግሥት ማክዳም አባት እርሱ ነው ይባላል። እኛም ይህን ሥዕል ከልጅነታችን ጀምሮ በአያታችን ቤት ግድግዳ ላይ እያየን ነው ያደግነው። ካደግን በኋላ ደግሞ ፈረንጆች ስለ ዘንዶ የጻፏቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ስናነብ፥ «ዘንዶ ንጉሥ የነበረበት ተረት ያለው አገር ልጅ እንደምን ዝም ይላል?» አልንና ቆረጥን።

የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻችንን ያስገባን ዕለት ማታ ነገሩን ለእናታችን ነገርናቸው። እናታችን ሽሮውን እያማሰሉ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥

«ልጄ፥ ደመወዝሽን ትተሽ ተረት ልትጽፊ ነው?» አሉ።

«ተረት አይደለም እማዬ፥ ልብ ወለድ ነው» አልን።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣን። እናታችን ግን ከዚያ ወዲያ አልተቃወሙንም። «እንግዲህ የቤት ኪራይ እንዳትከፍይ እዚሁ ሁኚ፤ እንጀራ አይጠፋም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ያን ማታ ይህን ቃል እንደ ትንሽ ነገር ቆጥረነው ነበር። ዋጋውን ያወቅነው በኋላ ነው።

በሁለት ዓመት ያጠራቀምናት ገንዘብ በቁጠባ ብትያዝ ስምንት ወር ታስኬዳለች ብለን አሰብን። ከዚያ ወዲያ ስላለው ጊዜ አልተጨነቅንም። መጽሐፉ በስምንተኛው ወር ያልቃል፤ ካለቀም ይታተማል፤ ከታተመም ይሸጣል ብለን ነበርና።

ሦስት ወር በካርታ ላይ

በመስከረም የጀመርነው ሥራ መጀመሪያው ማር ነበር። ጧት ሰው ሁሉ ታክሲ ለመያዝ ሲጋፋ፥ እኛ ደብተራችንን ይዘን በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ወደ ተከፈተው ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄድ ነበር። አለቃ የለ፥ ፊርማ የለ፥ ስብሰባ የለ። ቀኑ ሙሉ የራሳችን ነው። ይህን ነፃነት ያልቀመሰ ሰው ጣዕሙን በቃል ሊረዳው አይችልም።

መጀመሪያ የአገሩን ካርታ ሣልን። ተራሮቹን ደረደርን፤ ለወንዞቹ ስም አወጣን። ከዚያም የነገሥታቱን ዝርዝር፥ የዘመን አቈጣጠሩን፥ የገንዘቡን ዐይነትና የልብሱን ጥለት ወሰንን። የአስማቱንም ደረጃ በሰባት ከፈልን። ደብተሩ ሞልቶ ሁለተኛ ደብተር ተገዛ። እነሆ ኅዳር አለቀ፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ እንኳ አልተጻፈም ነበር።

ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም። በዚህ ዐይነቱ ልብ ወለድ ውስጥ የተሸሸገ ወጥመድ ነው። ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ ደራሲ «በሜክሲኮ በኩል ታክሲ ተሳፈረ» ቢል፥ መንገዱንም ታክሲውንም ረዳቱንም አንባቢ ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ያሟላለታል። በምድር ላይ ስለሌለ አገር የሚጽፍ ደራሲ ግን እንዲህ ያለ ብድር ከማንም አያገኝም። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ እንዲሄድ ለማድረግ፥ ቤቱንም መንገዱንም ገበያውንም ገንዘቡንም ራሱ መፍጠር አለበት። ስለዚህ ፈጠራው መልካም ምክንያት ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ከዋናው ሥራ ለመሸሽ ይመቸዋል። ለወንዝ ስም በማውጣት የተሳሳተ ሰው የለም። ሰዎችን እርስ በርሳቸው ማነጋገር ሲጀመር ግን ስሕተት ይጀመራል። እኛም የሸሸነው ይህን ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ደብተሮቹን ቈለፍንና በየቀኑ አራት ገጽ ለመጻፍ ለራሳችን ቃል ገባን። አንዳንድ ቀን ሰባት ገጽ ይሆን ነበር። በጥር ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ከታሪኩ ሰዎች አንዲቱ ልጅ ያላሰብነውን ቃል ተናግራ የምዕራፉን አቅጣጫ ያለ ፈቃዳችን ለወጠችው። ያን ዕለት ከአራት ኪሎ እስከ ቤታችን በእግራችን ሄድን፤ ታክሲ መያዝም ትዝ አላለን። በዚያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያሉ ቀኖች ከአሥር አይበልጡም ነበር። የቀሩትን ቀኖች ያቆዩን ግን እነዚያ ናቸው።

ቤት የዋለ ሰው

ከቤት የሚጽፍ ሰው ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው «ቤት ስለ ሆንሽ» የሚለው ቃል ነው።

ቤት ስለ ሆንሽ የመብራት ሠራተኛ ሲመጣ በር ክፈቺለት። ቤት ስለ ሆንሽ የእነ እትዬን ልጅ ከትምህርት ቤት አምጪው። ቤት ስለ ሆንሽ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እናትሽን ወክለሽ ድረሺ። ማንም ሰው በክፋት የሚለው አይደለም፤ ጎረቤት ነውና። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፥ ዐረፍተ ነገሩ አልመጣ ብሎ ሲያስጨንቀን፥ የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት እኛው ራሳችን ቀድመን የተነሣንበት ቀን አለ። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው አለቃው ይጠብቀዋል። ቤት የሚውል ደራሲ ግን የራሱ አለቃ፥ የራሱ ዘበኛ፥ የራሱም ሰነፍ ሠራተኛ እርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጠላት እፍረት ነው። በየሠርጉና በየክርስትናው ላይ አብረውን የተመረቁ ጓደኞቻችን ይገኛሉ። «አሁን የት ነሽ?» ይላሉ። «መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው» ስንል ደስ ይላቸዋል። «ስለ ምን?» ሲሉ ግን ችግር ነው። የታሪክ መጽሐፍ ቢሆን፥ የፖለቲካ ቢሆን፥ የፍቅር ቢሆን ሰው ያከብረዋል። ስለ ዘንዶ ነው ሲባል ፈገግ ይላሉና «ለልጆች ነው?» ይላሉ። ከመጋቢት ወዲህ የተጠየቅን ጊዜ «ምርምር ላይ ነኝ» ማለት ጀመርን። ሰው በሚወደው ሥራው መዋሸት ሲጀምር አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ማወቅ ነበረብን።

ገንዘቧም እየሳሳች ሄደች። በሚያዝያ ያላሰብነው ወጪ መጥቶ ቀሪውን ወሰደውና በግንቦት ባዶ እጃችንን ቀረን። የገንዘብ ማለቅ በሆድ ላይ የሚያመጣውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እኛን ያስደነቀን በብዕር ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። ዐረፍተ ነገራችን ይሮጥ ጀመር። አንድ ሰው በጦርነት ሲሞት እናቱ ሳታለቅስለት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። በየገጹ ኅዳግ ላይ ሒሳብ እንጽፋለን፤ ይህን ያህል ቅጂ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ ይህን ያህል ይሆናል እያልን። መጽሐፉም በሰኔ አለቀ፤ 412 ገጽ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እያወቅነው ሮጠን ታጠቅን።

ያለቀውንም ይዘን ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድን። በአገራችን ደራሲ ብዙውን ጊዜ የማሳተሚያውን ገንዘብ ከራሱ ኪስ አውጥቶ፥ ቆይቶም በሽያጭ ለማግኘት ተስፋ አድርጎ እንደሚሠራ ሰምተን ነበር። የነገሩን ዋጋ ግን በሁለት ዓመት አገልግሎት ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሠራተኛዋ ደግ ሰው ነበሩ። «የኔ ልጅ፥ ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው» ብለው ያዘኑልን መስለው ሸኙን።

የሌሎቹስ እንደምን ነበር?

እንደዚህ በተሸነፍን ጊዜ፥ በዚህ ሥራ የተሳካላቸው ሰዎች መጀመሪያቸው እንዴት እንደ ነበረ ለማጥናት ተነሣን። ያገኘነውም ከጠበቅነው የተለየ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የኛን ዐይነት ኑሮ የኖረ ሰው ሚስተር ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ ነው። ይህ አሜሪካዊ በሞንታና ግዛት ከወላጆቹ ጋር ሲኖር፥ ትምህርቱን በቤቱ ተምሮ በ15 ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ወዲያውም ስለ አንድ ልጅና ስለ አንዲት ሰማያዊ ዘንዶ «ኤራጎን» የተባለውን መጽሐፉን ለመጻፍ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ዓመት ፈጀ። አንብቦት ስላልረካበት ሁለተኛውን ዓመት እንደ ገና በመጻፍ አሳለፈው። ሦስተኛው ዓመት ከወላጆቹ ጋር በማረምና ለሕትመት በማዘጋጀት አለፈ። ቤተ ሰቡ በራሱ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመው። ልጁም የጥንት ዘመን ልብስ ለብሶ ከ130 በላይ በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች፥ ቤተ መጻሕፍትና የመጽሐፍ መደብሮች እየዞረ ስለ መጽሐፉ ተናገረ፤ የቤተ ሰቡ መተዳደሪያ በዚያ መጽሐፍ ሽያጭ ላይ ወድቆ ነበርና። በመጨረሻ ካርል ሃያሰን የተባሉት ደራሲ የእንጀራ ልጃቸው መጽሐፉን ወድዶ ሲያነብ አይተው ክኖፍ ለተባለው አሳታሚ ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ክኖፍ ሲያሳትመው ደራሲው 19 ዓመቱ ነበር።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የልጁን ዕድሜ ያደንቃል። እኛ ግን ደጋግመን ያየነው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያበሉት ወላጆቹ ናቸው። እንዲሁም ከሦስቱ ዓመታት አንዱ ብቻ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመጻፍ ሲሆን፥ ሁለቱ የተጻፈውን ለማስተካከል ነበሩ። እኛ ለማስተካከያ የመደብነው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር።

ሚስስ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የሃሪ ፖተር ታሪክ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በባቡር ሲጓዙ ነው። መጽሐፉን በ1995 ሲጨርሱ በኤዲንበርግ ከተማ ብቻቸውን ሕፃን የሚያሳድጉ እናት ነበሩ፤ ለተወሰነ ጊዜም መንግሥት ለችግረኞች በሚሰጠው ድጎማ ኖረዋል። 12 አሳታሚዎች አንቀበልም ካሉ በኋላ አንዱ ተቀበላቸው። የተቀበላቸው ሰው ግን በልጆች መጽሐፍ ገንዘብ ስለማይገኝ ሥራ እንዲፈልጉ መከራቸው። በ1997 መጀመሪያ የታተመው ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅጂ 500 ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰር ቶልኪን ደግሞ አንድም ቀን ሥራቸውን አልለቀቁም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1937 መጨረሻ ጀምረው እስከ 1949 ድረስ ሲጽፉ ቆዩ። የመጀመሪያው ክፍል በ1954 ሲወጣ 62 ዓመታቸው ነበር። እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼትም የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1971 ከታተመ በኋላ 16 ዓመት ያህል በደመወዝ ሠርተዋል፤ የመጨረሻው ሥራቸውም ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት የጋዜጣ መግለጫ መስጠት ነበር። ሥራቸውን ትተው ለመጽሐፍ ብቻ የተቀመጡት በ1987 ነው።

ከሁሉ ይልቅ የልባችንን ጥያቄ የነካው ግን አፍሪካዊው ወንድማችን አሞስ ቱቱኦላ ነው። በናይጄሪያ፥ በአቤኦኩታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 የተወለደው ይህ ሰው የተማረው ለስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በሌጎስ ከተማ በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፥ የዮሩባን ሕዝብ ተረት ከራሱ ምናብ ጋር አዋሕዶ የተምር ጠጅ ስለሚወድ አንድ ሰው የጻፈው መጽሐፍ በ1952 በለንደን ታተመ። ጠጅ ቀጂው ስለ ሞተበት ወደ ሙታን አገር ፍለጋ የሚሄድ ሰው ታሪክ ነው። ከናይጄሪያ ምሁራን አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛው አፈሩበት፤ የውጭ ሰዎች ግን አደነቁት። መጽሐፉ ግን ከሁለቱም ወገን ፍርድ አልፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ተላላኪው ቱቱኦላ እኛ በሠርግ ቤት ያፈርንበትን ነገር አላፈረበትም። እናቱ «ተረት ነው ወይ?» ብትለው «አዎ» የሚል ይመስለናል።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነውና በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ርእሱ ራሱ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ የቀረው ማለት ነው፥ ደራሲው በኢጣልያ አገር አማርኛ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን የወጣ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገር ያገለገሉ ሰው ነበሩ።

የአያታችን ጥያቄ

በሐምሌ የታመመ ልብና 412 ገጽ ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን፥ ወደ አያታችን ቤት ሄድን። ክረምቱ ብርድ ነበር። አያታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ያ ባለ 44 ክፍል ሥዕልም ጢስ ለብሶ በቦታው ተሰቅሏል። አምስት ማታ ሙሉ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር በቃል ተረክንላቸው። እርሳቸውም እንዝርቱን እያሾሩ ጸጥ ብለው ሰሙን። የሰባቱን የአስማት ደረጃ፥ የነገሥታቱን ዝርዝር፥ የመጨረሻውን ታላቅ ጦርነት ሁሉ ሰሙ። ስንጨርስ እንዝርታቸውን አቆሙና፥

«መልካም ነው፤ አንቺ ልጅ፥ ያ ዘንዶ ግን ምን ይበላ ነበር?» አሉን።

«እንዴት ምን ይበላል እምዬ?»

«ዋሻ ውስጥ መቶ ዓመት ተቀመጠ አልሽ። መቶ ዓመት ጦሙን አደረ? ማን ነው የሚያበላው? ተራው የማን ነው? ተራ የደረሰበት ቤት አንድ ፍየል ብቻ ቢኖረውስ?»

አላሰብነውም ነበር። ክንፉን በስፋት ጽፈናል። የቅርፊቱን ቀለም በሁለት ገጽ ገልጸናል። ምን እንደሚበላ ግን በ412 ገጽ ውስጥ አንድ መስመር የለም። አያታችን ወደ ሥዕሉ ዞረው፥ «አርዌን ሰው የሚያስታውሰው ትልቅ ስለ ነበረ አይምሰልሽ። በየቤቱ ስለሚበላ ነው» አሉና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ተረቱን እንደ ገና ስናስበው፥ ፍሬ ነገሩ ያለው በግብሩ ላይ መሆኑን አየን። ሰዎቹ በየጊዜው ከብታቸውንና ልጃቸውን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ቤት ውስጥ ይገባል። ዘንዶውም የሚሞተው በአስማት አይደለም፤ በሚበላው ነገር ነው። የፈጠራ አገር እውነት የሚመስለው ካርታው ስላማረ አይደለም። አንድ ድንቅ ነገር ሲገባበት ዋጋውን የሚከፍል ሰው ሲኖር ነው። ዘንዶ ካለ ፍየሉን የሚያጣ ሰው አለ። አስማት ካለ በአስማቱ የሚደክም ሰው አለ። የኛ መጽሐፍ በድንቅ ነገር የተሞላ ሆኖ፥ ለድንቁ ሁሉ ከፋይ አልነበረውም።

ይኸው ጥያቄ ወደ ራሳችንም ዞረ። ደራሲዋስ ምን ትበላ ነበር? ዓመቱን ሙሉ «በራሳችን እየኖርን ነው» ስንል፥ ከግንቦት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ፥ ከዚያም በፊት በግማሽ፥ የምንበላው የእናታችንን እንጀራ ነበር። ሮውሊንግ በድጎማ፥ ፓኦሊኒ በወላጆቹ፥ ቶልኪን በማስተማር፥ ቱቱኦላ በተላላኪነት በሉ። አንዳቸውም ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ አልበሉም። እኛ ግን መጽሐፉ ገና ጥጃ ሳለ ልናልበው ሞከርን፤ የሮጠውም የከሳውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

በመስከረም ወደ ሥራ ተመለስን። ይህን ዓምድ የምንጽፈውም ከዚያ ወዲህ ነው። ከ412 ገጽ ውስጥ 57 ገጽ ብቻ አስቀረን፤ ሌላውን በካርቶን አድርገን ከአልጋ ሥር ከተትነው። አዲሱ ረቂቅ የሚጀምረው በጦርነት አይደለም። አንድ ማታ ዘንዶውን የማብላት ተራ በደረሰበት፥ ከአንድ ፍየል በቀር በሌለው ቤት ውስጥ ይጀምራል። ያች በጥር ያለ ፈቃዳችን የተናገረችው ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ሆናለች። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተን እስከ 1 ሰዓት እንጽፋለን፤ ከዚያ ታክሲ እንጋፋለን። በሁለት ሰዓት አንድ ገጽ ቢወጣ ደስ ይለናል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ነን።

ታዲያ ያን ዓመት እንጸጸትበታለን ወይ? አንጸጸትም። በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጠን ባንሠራ ኖሮ፥ 412 መጥፎ ገጽ ጽፈን ለመጨረስ አምስት ዓመት ይፈጅብን ነበር፤ የአያታችንን ጥያቄም ለመስማት አምስት ዓመት እንዘገይ ነበር። አያታችን ዕድሜያቸው 80 አልፏል። ነገር ግን ያን ዓመት እንደ ገና ብንጀምረው እንደዚያ አንጀምረውም።

ስለዚህ «ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ለሚለን ወጣት ምክራችን ጥቂት ነው። ከመልቀቅህ በፊት ሦስት ወር ሙሉ በየንጋቱ ሁለት ሰዓት ጻፍ፤ ይህን ያልቻለ ሰው ስምንት ሰዓት ቢሰጠው ስምንቱንም ያባክነዋል። ከለቀቅህም ለመጻፊያ ያሰብኸውን ያህል ጊዜ ለማረሚያ ጨምረህ አስብ። የምትበላውንም ከማን እንደምትበላ አስቀድመህ እወቅ፤ አውቀህም ያንን ሰው አመስግን። መጽሐፍህ ውስጥም ዘንዶ ካስገባህ ቀለቡን አትርሳ።

ባለፈው ሳምንት እናታችን የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ አንብቡልኝ አሉ። አነበብንላቸው። ፍየሏ ከበረት በምትወጣበት ቦታ ላይ ስንደርስ፥ እናታችን መነጽራቸውን አውልቀው፥ «ምነው፥ ሌላ ፍየል አልነበራቸውም?» አሉ።

ተረት ነው ወይስ ልብ ወለድ ብለው አልጠየቁንም።